«ሁሉም ይውጣ» ከመባሉ በፊት

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

በስልክ «ማህፀኗም አብሮ ይውጣና ትዳን» ያልሽው አልተዋጠልኝም። ኦቫሪዋ (የእንቁላል ማፍሪያዋ) ላይ እጢ የተገኘባት የአክስቴ ልጅ ገና 19 ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ የሚገኘው የኦቫሪ ካንሰር በብዛት ከእንቁላል ዘር ሴሎች የሚነሳው ዓይነት ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ግን ለኬሞ እጅ ይሰጣል። ከኦቫሪው አልፎ ቢሄድ እንኳ ብዙ ጊዜ ማህፀኑንና ሌላኛውን ኦቫሪ ማትረፍ ይቻላል። በእናንተ ዕድሜ የሚበዛው ዓይነት ሌላ ነው፤ በዚያ አትመዝኛት።

መጀመሪያ ደሟ እንዲህ ያለው እጢ ከፍ ለሚያደርጋቸው ምልክቶች፣ ለኤኤፍፒ፣ ለኤችሲጂና ለኤልዲኤች፣ ይታይ። በኦቫሪ ካንሰር ጊዜ የሚታየው ሌላው የደም ምልክት፣ ሲኤ 125፣ ከፍ አለ ብላችሁ ለቅሶ አትቀመጡ፤ የወር አበባም ያንረዋል። የሆድ ቲቢም ሆድን በውሃ ሞልቶ፣ ይህንኑ ቁጥር ሰቅሎ ካንሰር ይመስላል።

ቀዶ ሕክምናው ላይ የታመመው ኦቫሪ ከነቱቦው፣ ሳይቀደድ ይወጣል። ከሆድ ዕቃው እጥበት፣ ከሞራውና ካጠራጠረ ቦታ ናሙና ይወሰዳል። ጤነኛ ከሚመስለው ኦቫሪ «ለማንኛውም» ብሎ ናሙና መቁረጥ ጠባሳ ያመጣል፣ እንቁላልም ይቀንሳል። እጢው ሆድ ውስጥ ከፈነዳ ደግሞ የካንሰሩ ደረጃ በአንድ ኦቫሪ ውስጥ ብቻ ካለው 1ኤ ወደ 1ሲ ያልፋል፤ ያለ ኬሞ ትድን የነበረችው ኬሞ ሊታዘዝላት ይችላል። ስለዚህ «የእጢውን ውሃ በመርፌ እንቅዳላት» የሚል ቢመጣ እሺ አትበሉ። የፈቃድ ፎርሙ ላይ ማህፀኑና ሌላኛው ኦቫሪ እንዲተርፉ መፈለጓ ይጻፍ፤ የምትፈርመው ራሷ ናት። ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ ከተጠራጠረ ዘግቶ የፓቶሎጂን (የናሙና ምርመራውን) ውጤት ይጠብቅ። ዳግመኛ መከፈት ያስጠላል፣ አውቃለሁ፤ የወጣ ማህፀን ግን አይመለስም።

ኬሞ ካስፈለጋት የተለመደው ቢኢፒ የሚባለው የሦስት መድኃኒቶች ጥምር ነው፤ በየ21 ቀኑ፣ 3 ወይም 4 ዙር። የወር አበባዋ መሀል ላይ ቢቆም አትደንግጡ፣ ብዙዎቹ ላይ ከወራት በኋላ ይመለሳል። ለወደፊት ልጅ እንዲሆናት እንቁላል አውጥቶ ማቀዝቀዝ 2 ሳምንት ገደማ የሆርሞን መርፌ ይፈልጋል። እጢ ያለበትን ኦቫሪ ወግቶ ማውጣት በሽታውን ሊረጭ ስለሚችል፣ ጊዜው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከኬሞው በፊት ነው። ይህ ካንሰር ደግሞ ብዙ አይጠብቅም፤ ሐኪሟ ሳይፈቅድ አይሞከር። የኦቫሪ ቁራጭ አቀዝቅዞ በኋላ መመለስን ለእሷ አልመክርም፣ የካንሰር ሴል ይዞ ሊመለስ ይችላል። ኦቫሪን ለጊዜው የሚያሳርፈው፣ በየ28 ቀኑ የሚሰጠው የጎሰረሊን መርፌ ኬሞው ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ከተወጋ ሊያግዝ ይችላል፤ ብቻውን ግን መተማመኛ አይደለም።

ጠበሉን አልከለክልም፣ ቀጠሮው ግን አይለፍ። ለካንሰሩ ጥቁር አንበሳ፣ ስለ እንቁላሉ ለመጠየቅ የጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ። እኔ ጋ እደሩ፤ ጥቁር አንበሳ ከቤቴ ቸርችልን ቁልቁል በእግር ነው። የአልትራሳውንዱን ወረቀትና የደም ውጤቶቹን ይዛችሁ ኑ። ናሙና ቀድሞ ተወስዶ ከሆነ በሰም የተቀበረውን የናሙና ብሎክና የመስታወት ስላይዱንም ጠይቃችሁ ተቀበሉ፤ ወረቀቱን ብቻ ይዞ መምጣት ምርመራውን እንደገና ያስጀምራል።

ልጅሽ