እማዬ ስለትሽን አደረስኩልሽ

እማዬ እንዴት ነሽልኝ፣ ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? እህቴ አዳማ ሙቀት ነው ለጉልበቷ ይሻላታል ብላ ስትወስድሽ አልዋሽሽም ከፍቶኝ ነበር፣ አሁን ግን በስልክ ድምፅሽን ስሰማው ደህና አደረገች እላለሁ።

ትናንት 21 አይደል፣ በጠዋት ከሽሮ ሜዳ ሚኒባስ ይዤ እንጦጦ ማርያም ወጣሁና ዣንጥላውን አስረከብኩ። ተቀባዩ የክርስትና ስምሽን ሲጠይቀኝ ጠፋብኝ፣ እህቴ ጋ ደውዬ ነው የነገርኩት፣ እንዳትቆጪኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ሙዚየሙ ገባሁ። ስንት ዓመት በበሩ አልፈሽ አንድ ቀን ገብተሽ አታውቂም እኮ! የምኒልክና የጣይቱ ልብስ አለ፣ አስጎብኚው ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 እዚሁ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ ጫኑ፣ እቴጌም በ27 ተከተሉ እያለ ሲያስረዳ እኔ ሐሳቤ አንቺ ጋ ነው። እንጨቱን ከጀርባሽ ሳትፈቺ አጥሩ ላይ ደገፍ አድርገሽ ትንሽ አየር ስበሽ፣ ደጁን ስመሽ "እዚህ እኮ ንጉሥ ነግሷል" ስትይኝ "እና ለኛ ምን ሰጠን?" ብዬሽ በኩርኩም ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? እኔ አልረሳሁትም ያማል።

ለካ ሰጥቶን ነበር። የቤተ መንግሥቱ ሰው ማገዶውን ሁሉ ቆርጦ ጨረሰው፣ ላይ ደግሞ ብርዱ አይቻልም፣ እቴጌ ፍልውሃውን ወደውት ወደ ታች ወረዱ፣ ከተማዋ አዲስ አበባ ተባለች። እዚያም እንጨት ሲያጥር ምኒልክ ከአውስትራሊያ የመጣውን ባህር ዛፍ አስተከሉ፣ ቶሎ ይደርሳላ፣ ቢቆርጡትም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። እኛን ያሳደገን እሱ አይደል? ደብተር የገዛሽልኝ፣ ዩኒፎርም ያሰፋሽልኝ፣ ትከሻሽ ላይ ያለው የገመድ ምልክትም ከዛው ነው። ለአስጎብኚው ልነግረው ፈልጌ አፈርኩ፣ ምን ብዬ እጀምረዋለሁ።

አሁን መንገዱ አስፋልት ነው፣ ፓርኩ አካባቢ ወጣቱ በሳይክል ይንሸራሸራል፣ ማኪያቶ ሁላ አለ። ግን ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ሁለት እናቶች ጎንበስ ብለው ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ አየሁ፣ መኪናው እስኪያልፋቸው ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ከኪዳነ ምሕረት ጠበል ቀድቻለሁ፣ በቢጫዋ ጀሪካን፣ ክዳኑ ስለሚያፈስ በፌስታል አስሬዋለሁ። ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ እህቴን ምሳ እንዳትሠራ በያት፣ ሽሮ አንቺ ሥሪልኝ፣ ቁጭ ብለሽም ቢሆን።

ልጅሽ