ስለ አራተኛ ክፍል ተማሪያችን ሕመም ለወላጆች የተላከ ሁለተኛ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች

ጉዳዩ፦ ቀደም ሲል የላክሁትን ደብዳቤ ስለማረም

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሚጥል በሽታ ተነሥቶበት ክፍል ውስጥ ወደቀ። መምህርቱ በጎኑ አስተኝታ፣ ሹራቧን ከራሱ ሥር አድርጋ፣ ሰዓቷን እያየች ከአጠገቡ ቆየች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መንቀጥቀጡ ቆመ። ልጁ ጥቂት ተኝቶ ነቃ፤ በማግስቱም ትምህርቱን ቀጠለ። ይህን የምጽፈው በወላጆቹ ፈቃድ ነው፤ እንዲያውም እንድጽፈው የጠየቁኝ እነርሱ ናቸው።

በዚያው ሳምንት ከዚያው ክፍል ሁለት ልጆች ቀሩ። ወዲያው በወላጆች የመልእክት መለዋወጫ ቡድን ውስጥ፣ ልጁ ከአፉ በወጣው አረፋ ሁለቱን እንዳስያዘና ልጆቻችንን ከእርሱ ማራቅ እንዳለብን የሚናገር የድምፅ መልእክት ተሰራጨ። እኔም በማግስቱ አጭር ደብዳቤ ላክሁ። ርዕሱን በደማቅ ፊደል «የሚጥል በሽታ በአረፋ ይተላለፋል የሚባለው ሐሰት ነው» ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ ወላጆች ከእንዲህ ዓይነቱ ድርጊት እንዲቆጠቡ አሳሰብሁ፤ ማኅተም አደረግሁበት። ጉዳዩ የተዘጋ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ወደዚያ ክፍል ገብቼ ከኋላ ተቀመጥሁ። ሦስት ተማሪ በሚይዘው ዴስክ ላይ ልጁ ብቻውን ነው። መቅረጫ ሲፈልግ ከፊቱ ያለች ልጅ ቶሎ ብላ አዋሰችው። ሲመልስላት ግን በእጇ አልተቀበለችም፤ «እዚያ አስቀምጠው» አለችው። ከዚያም ከደብተሯ ቅጠል ቀደደችና መቅረጫውን በወረቀቱ ይዛ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከክፍል ስንወጣ ለብቻዋ ቀስ ብዬ ምክንያቱን ጠየቅኋት። «ከትምህርት ቤት የመጣው ደብዳቤ ላይ በአረፋ ይተላለፋል ይላል» አለችኝ። የእኔን ደብዳቤ ማለቷ ነው። ከጻፍሁት ርዕስ ውስጥ ወሬው በሙሉ ቤታቸው ደርሷል፤ «ሐሰት» የምትለዋ ቃል ብቻ መንገድ ላይ ቀርታለች።

በሁለተኛው ቀን መልእክቱን በመጀመሪያ የላኩት እናት ቢሮዬ መጡ። ስለ ልጃቸው የፈሩ እናት ናቸው እንጂ ክፉ አሳቢ አይደሉም፤ ማን እንደሆኑ ለማወቅ የምትሞክሩ ካላችሁም እባካችሁ ተዉት። እንዲህ አሉኝ፦ «ሐሰት ነው ብለው ጽፈዋል። ታዲያ አረፋው ምንድን ነው? ሁለቱ ልጆችስ ምን ሆነው ቀሩ?» ደብዳቤዬን አውጥቼ አነበብሁት። ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ የለውም።

እኚህ እናት የጠየቁት ጥያቄ በሥነ ልቦና ምርምር የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሆሊን ጆንሰንና ኮሊን ሳይፈርት የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ አንድ የመጋዘን ቃጠሎ የሚናገሩ ተከታታይ አጫጭር መልእክቶችን ለሰዎች አስነበቡ። አንዱ መልእክት በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የዘይት ቀለም ጣሳዎችና የጋዝ ሲሊንደሮች እንደነበሩ ይናገራል። ቆየት ብሎ የሚመጣው ሌላ መልእክት ግን የቀድሞው ስሕተት እንደነበረና ክፍሏ ባዶ እንደነበረች ያርማል። አንባቢዎቹ እርማቱን አይተውታል፤ ያስታውሱታልም። ነገር ግን ስለ ቃጠሎው ጥያቄ ሲቀርብላቸው ብዙዎቹ ተመልሰው ወደ ቀለሙና ወደ ጋዙ ይሄዳሉ። ይህ የቀነሰው እሳቱ ሆን ተብሎ መለኮሱን የሚያመለክት ሌላ ምክንያት በቦታው ሲሰጣቸው ነው። አእምሯችን ምክንያት የሌለው ታሪክ ይዞ ከመቀመጥ ይልቅ የተሳሳተ ምክንያት ያለውን ታሪክ ይመርጣል። እኔ ቀለሙን አንሥቼ ክፍሏን ባዶ ትቻት ሄጃለሁ። ዛሬ ልሙላት።

አንጎል የሚሠራው በሕዋሳቱ መካከል በሚመላለሱ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክቶች ነው። የሚጥል በሽታ ባለበት ሰው ላይ አልፎ አልፎ ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ምልክት ይለቃሉ፤ ያን ጊዜ ሰውነት ይገተራል፣ ይንቀጠቀጣል። በዚህ መካከል ሰው ምራቁን መዋጥ አይችልም። ያልተዋጠው ምራቅ ከትንፋሹ ጋር ሲናጥ አረፋ ይሆናል፤ ምላሱን ነክሶ ከሆነም ደም ይቀላቀልበታል። አረፋው ይኸው ነው። በአንጎል ውስጥ የሚፈጠር የኤሌክትሪክ መዛባት በምራቅ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። ሁለቱ ልጆች የቀሩት ጉንፋን ይዟቸው ነው። በዚያ ሳምንት ከሌሎች ክፍሎችም ዘጠኝ ተማሪዎች በጉንፋን ቀርተዋል፤ ከእነርሱ አንዱም ልጁ ሲወድቅ በአጠገቡ አልነበረም። ጉንፋን በትንፋሽና በምራቅ እንደሚተላለፍ ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ዐይናችን አረፋ ሲያይ ሐሳባችን ወደዚያው መሄዱ አያስደንቅም። ስሕተቱ የገባው በዚህ በር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ወደ 50 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች ይህ ሕመም አለባቸው፤ በአግባቡ ቢመረመሩና ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ ሳይነሣባቸው መኖር ይችላሉ። የእኛም ተማሪ መድኃኒቱን በመከታተል ላይ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ስንባል አድገናል፤ እኔም ለተማሪዎች ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ። ችግሩ ወሬም እያደር መለመዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመ ጥናት ተማሪዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ እየተጠሩ የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች እውነት ይሁኑ ሐሰት እንዲገምቱ ተደረገ። በየጊዜው የተደጋገሙትን ዓረፍተ ነገሮች፣ እውነትም ሆኑ ሐሰት፣ ይበልጥ እያመኗቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ትክክለኛውን መልስ የሚያውቅ ሰው እንኳ ከዚህ እንደማያመልጥ አሳይተዋል። የሰማነው ነገር ሁለተኛ ስንሰማው ለጆሯችን ይቀልለዋል፤ ያንን ቅለት እውነት ነው ብለን እንወስደዋለን። ወሬውን በደማቅ ፊደል ርዕስ ማድረጌ ያደረሰው ጉዳት ይህ ነው። ስለዚህ በቡድኑ ውስጥ ያ የድምፅ መልእክት ያላችሁ፣ «ይኸው ሐሰቱን ስሙት» ለማለት እንኳ ቢሆን መልሳችሁ አትላኩት። ከእውነቱ ጀምሩ፤ ስለ ወሬው አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ አስረዱና ወደ እውነቱ ተመለሱ።

ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ ጭራሽ ዝም ማለት ይሻል ነበር፣ ሰው ሲታረም እልህ ይጋባል ብለውኛል። ይህን ስጋት የሚደግፍ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ ብዙ ተወርቶለታል። በኋላ ግን ቶማስ ውድና ኢታን ፖርተር ከ10,000 በላይ ሰዎችን በ52 ጉዳዮች ላይ ሲፈትኑ እንዲህ ዓይነት ውጤት ማግኘት ተስኗቸዋል፤ በአብዛኛው ሰዎች ትክክለኛው መረጃ ሲነገራቸው ወደ እርሱ ይጠጋሉ። ሰውን በጉባኤ ፊት ማሳፈር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን አልደግፍም። አያት ወይም ጎረቤት ወሬውን ካነሡ ለብቻ፣ ፍርሃታቸውን አክብራችሁ አነጋግሯቸው። ስለ ልጅ መፍራት ነውር አይደለም።

ልጆቻችሁን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። «አይተላለፍም» ብላችሁ ብቻ አትለፏቸው፤ ምን እንደገባቸው ጠይቋቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 ስቴላ ቮስኒያዱና ዊልያም ብሩወር ስለ መሬት ቅርጽ 60 የአንደኛ፣ የሦስተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆችን ጠይቀው ነበር። መሬት ክብ እንደሆነች ብዙዎቹ በትክክል መለሱ። ጥያቄው ሲቀጥል ግን አንዳንዱ እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ አድርጎ አስቧታል፤ ሌላው ውስጧ ክፍት የሆነ ኳስ አድርጓት ሰዎችን ከውስጥ በጠፍጣፋው መሬት ላይ አስቀምጧቸዋል። ልጆቹ የተነገራቸውን አልካዱም፤ ቀድሞ ከሚያምኑት ጋር ሰፍተው አንድ አደረጉት እንጂ። መቅረጫዋን በወረቀት የያዘችው ልጅም «አይተላለፍም፣ ግን ባልነካው ይሻላል» የሚል የራሷ ስፌት ሊኖራት ይችላል። ያንን የሚያገኘው የሚጠይቃት ሰው ብቻ ነው።

ልጆቻችሁ አንድ ሰው ሕመሙ ተነሥቶበት ቢያዩ የሚያደርጉትንም ንገሯቸው፦ ትልቅ ሰው ይጥሩ፤ በዙሪያው ያለውን ስለታም ነገር ያርቁ፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፤ በጎኑ ያስተኙት። አፉ ውስጥ ምንም ነገር አይክተቱ፤ እንዳይንቀሳቀስም አይጫኑት። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። መምህርቱ ሰዓቷን ስታይ የነበረው ለዚህ ነው።

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በአራተኛ ክፍል መቀመጫ በየሳምንቱ ይቀያየራል፤ ይህም ሁሉንም ተማሪ ይመለከታል። ልጄ ቦታው አይቀየርብኝ የሚል ጥያቄ አልቀበልም። ቅዳሜ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት አንዲት ነርስ በአዳራሹ ተገኝታ ጥያቄያችሁን ትመልሳለች። በሰው ፊት መጠየቅ የሚከብደው ወላጅ ካለ፣ በዚያው ቀን እስከ 7 ሰዓት ቢሮዬ ውስጥ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር