ግማሽ ዕድሜን በበቆሎ ፍሬ

ለአዘጋጁ፦

ስለ ኑክሌር ኃይል ያወጣችሁት ጽሑፍ ማመንጫዎቹን በሰፊው ሲተርክ ራዲዮአክቲቭነትን (አንዳንድ አተሞች ጨረር እየለቀቁ ወደ ሌላ አተም የሚለወጡበትን ባሕርይ) በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። ደብረ ማርቆስ ላይ ፊዚክስ የማስተምራቸው ልጆች የሚቸገሩት ግን እዚያው ላይ ነው። የራዲዮአክቲቩ አዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ካለው ግማሹ የሚለወጥበት ጊዜ፣ 8 ቀን ነው ሲባሉ፣ ብዙዎቹ በ16ኛው ቀን ሙልጭ ብሎ ያልቃል ይላሉ፤ ሩቡ ግን ገና አለ። ይህን ያልተረዳ ተማሪ፣ ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ገደማ የሆነው ሌላው ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ሲዚየም 137 ለምን ለረጅም ዘመን እንደሚያሳስብ ሊገባው አይችልም።

ቤተ ሙከራ የለንም ማለት ሰበብ ነው። 100 የበቆሎ ፍሬ (ጎጃም በቆሎ አይቸግረውም) በአንድ ጎኑ ቀለም ቀብቶ፣ በጣሳ ነቅንቆ ሰፌድ ላይ መድፋት፣ ቀለሙ ወደ ላይ የዞረውን አንስቶ የቀረውን መቁጠር፣ የቀረውን ደግሞ እንደገና ነቅንቆ መድፋትና የየዙሩን ቁጥር በግራፍ ማስፈር ይበቃል። የተነሣው ፍሬ እንደ ተለወጠ አተም፣ እያንዳንዱ ዙር እንደ አንድ ግማሽ ዕድሜ ይቆጠራል፤ በየዙሩ ግማሽ ያህሉ ይቀራል እንጂ ሁሉም በአንዴ አያልቅም። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ይህን ሙከራ የግማሽ ዕድሜ ቀመር ከመሰጠቱ በፊት በየክፍሉ ያሠሩ።

የፊዚክስ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ