ዝናብ ከባህር ብቻ አይመጣም

ሰላም አዘጋጆች፣

ዝናብ የሚመጣው ከባህር ነው ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንብቤ ዝም ማለት አላስቻለኝም። «አይሶቶፕ» የሚለውን ቃል ከጨረር ጋር አያይዛችሁታል። አይሶቶፕ ማለት የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች፣ በክብደት የሚለያዩ ዓይነቶች ማለት ነው፤ አይሶቶፕ ሁሉ ጨረር አያመነጭም! በውሃ ውስጥ ያሉት ኦክስጅን 18 (ከባዱ ኦክስጅን) እና ዲዩቴሪየም (ከባዱ ሃይድሮጅን) የረጉ ናቸው፣ ጨረር አያመነጩም፤ ከተለመደው ኦክስጅንና ሃይድሮጅን በዋናነት የሚለዩት በክብደታቸው ነው። ከ1,000 የኦክስጅን አተሞች 2 ያህሉ ኦክስጅን 18 ናቸው። የምንጠጣው ውሃ ውስጥም አሉ፣ ማንንም አይጎዱም።

ይቺ ትንሽ የክብደት ልዩነት ግን ብዙ ታወራለች። ውሃ ሲተን ቀላል አተሞች ያሉት ውሃ ይቀድማል፣ ተኑ ተመልሶ ውሃ ሲሆን ደግሞ ከባድ አተሞች ያሉት ይቀድማል። ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ እንደ ላብ ችፍ የሚለውን ጠብታ አስቡት፤ ከባዱ ውሃ በዙሪያው ካለው ተን ይልቅ እዚያ ጠብታ ውስጥ በዛ ይላል። ደመናም እንደዚያው ነው፤ ከባህር ተነስቶ እየዘነበ ወደ መሀል አገር ሲገባ ከባዱን በየመንገዱ ስለሚጥል የቀረው ተን እየቀለለ ይሄዳል።

አሁን ወደ አማዞን እንሂድ። ብራዚላዊው ተመራማሪ ኤኔያስ ሳላቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ ዝናቡ ከአትላንቲክ እየራቀ ሲሄድ የሚጠበቀውን ያህል አልቀለለም። ለምን? ዛፎች ከአፈር የሳቡትን ውሃ በቅጠላቸው ሲያስተንፉት፣ ከባዱን ለይተው አያስቀሩትም። ከሞላ ጎደል እንዳለ ወደ ሰማይ ይመልሱታል፣ ያው ውሃ ደግሞ ይዘንባል። ጫካው ለራሱ ዝናብ ያዋጣል ማለት ነው። እናንተ «ዝናብ የሚመጣው ከባህር ነው» ብላችሁ ስትዘጉት ጫካውን ከነጭራሹ ረሳችሁት። የከነከነኝ ይሄ ነው። አንባቢው ዛፍ መቁረጥና ዝናብ አይገናኙም ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል?

ድሮ በተን ውስጥ ያለውን አይሶቶፕ ለመለካት አየሩን በጣም በቀዘቀዘ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ያሳልፉት ነበር። ቱቦው ውስጥ እንደ አመዳይ የጋገረውን አቅልጦ ወደ ላብራቶሪ መውሰድ ነው እንግዲህ፣ ለአንድ ናሙና ብቻ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ዛሬ የሌዘር መሳሪያ እዚያው ሜዳ ላይ በየሰከንዱ ያነበዋል፤ ሳተላይትም ከላይ ሆኖ ዲዩቴሪየሙን ይለካል። በርግጥ አይሶቶፕ ብቻውን አይበቃም፣ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ አብሮ መታየት አለበት።

እባካችሁ ቢያንስ የጨረሩን ነገር በሚቀጥለው እትም አርሙት።

አንባቢያችሁ