ይድረስ ደብረ ብርሃን ላለችው እህቴ

እንደምን ሰነበትሽ? «ሰነበትሽ» ስል ራሴው አፈርኩ፤ ሁለት ዓመት መሰንበት አይባልም። ስልክሽን ያላነሳሁበት ምክንያት ብዙ ነው፣ አንዱም አያጠግብሽም። ይቅር በይኝና እንለፈው፤ ስድቡን ስንገናኝ ታወርጂብኛለሽ።

የመንዝ በግ ጠጉር ፈልጌ ነው ብልሽ ግማሹ እውነት ነው። አንቺ እዚያ ብርድ ውስጥ ባናሽን ተከናንበሽ በበግ ተከበሻል፣ እኔ እዚህ ሐዋሳ ጠጉር ፍለጋ እዞራለሁ። እሱ ግን ይቆይ።

ምንጣፍ መሥራት መጀመራችንን ሰምተሻል አይደል? ስምንት ሴቶች ናቸው። ከጨንቻ የመጡ አንድ ዶርዜ ሸማኔ አስተማሩልን፤ «ሴት ትፈትላለች እንጂ ትሸምናለች እንዴ!» ብለው ሁለት ቀን ስቀውብን በሦስተኛው መወርወሪያውን አስጨበጡን።

አሁን አንድ የውጭ ገዢ 12 ምንጣፍ አዘዘን። በፍትሐዊ ንግድ ደንብ የዕደ ጥበብ ሠሪ ከጠየቀ ከዋጋው ቢያንስ 50 በመቶ ያለ ወለድ ቀድሞ ይከፈለዋል። ጠየቅን፣ ከፈሉን። እልል አልን። ብሩም ለክርና ለሴቶቹ ወጥቶ አለቀ።

ከዚያ ቅጽ መጣ። «በሥራው የሚሳተፍ ሕፃን አለ?» ይላል። «የለም» አልኩ።

አንዷ የ11 ዓመት ልጅ አላት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማጉን በቀሰም ይጠቀልልላታል። እኔና አንቺስ በዚያ ዕድሜ ለእናቶቻችን ጥጥ ስንፈለቅቅ አላደግንም? እንዲህ እያልኩ ከረምኩ። ባለፈው ሐሙስ ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እዚያው ቁጭ ብሎ አገኘሁት። «ዛሬ ትምህርት የለም» አለች እናቱ ሳልጠይቃት። ልጁ መሬት መሬት ያያል። እኔም... እንዴት ልበልሽ፣ ትእዛዙ ዘግይቶብኝ ነበር። ዝም ብዬ ወጣሁ።

ያ ሕንዳዊ፣ ካይላሽ ሳትያርቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ኖቤል ሲሸለም ለተማሪዎችሽ የነገርሻቸው ትዝ ይልሻል? ሕፃን እንዳልሠራው የሚመሰክር ምልክት ምንጣፍ ላይ እንዲለጠፍ ያደረገው? ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እውነቱን ብጽፍ ገዢው ቢሄድስ? ብሩን ከየት አምጥቼ እመልሳለሁ? ልጁን አታምጪው ብላትስ ሐይቁ ዳር ሲንከራተት ሊውል ነው። አንቺ አስተማሪ ነሽ፤ ከክፍል የሚቀር ልጅ እናት ምን ተብላ ነው የምትነገረው? እንዳትቀየመኝ፣ እንዳታፍርም።

በስልክ አትመልሺልኝ። ድምፅሽን ስሰማ ማሳመሬ አይቀርም። ጻፊልኝ።

ጠጉሩን ጥቁርና ቡናማውን ላኪልኝ፣ ባይታጠብም ግድ የለም። ዋጋ ቀንሺልኝ አልልሽም፤ ፍትሐዊ ነጋዴ ነኝ እያልኩ!

ያንቺው ጠፊ