የኮምፒውተር ክበብ የ2018 ዓ.ም ዘገባ፦ ዊንዶውሱን አላጠፋነውም

በዚህ የትምህርት ዘመን በመምህራን ማረፊያም ሆነ በወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ክበባችን ደጋግሞ የተነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዊንዶውሱን ለምን አጠፋችሁት?» የሚል። አላጠፋነውም። በኮምፒውተር ክፍላችን ከሚገኙት ማሽኖች ግማሽ በሚሆኑት ላይ ዊንዶውስ ከነፋይሎቹ እንደነበረ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ሊኑክስ ሚንት የተባለው ነፃ ስርዓተ ክወና፣ ማለትም እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም፣ ተጭኗል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሁለቱን በዝርዝር አቅርቦ በየትኛው መሥራት እንደምንፈልግ ይጠይቃል፤ መልስ ካላገኘም ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ አስቀድሞ በተወሰነለት ይገባል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሠሩም። እንደ ጠዋትና እንደ ከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች አንዱ ክፍሉን ሲለቅ ሌላው ይገባል እንጂ አንዱ የሌላውን ወንበር አይሰብርም።

ይህን ያደረግነው ለፋሽን አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ለዊንዶውስ 7 ያቆመው ደግሞ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም ሲሆን፣ ከማሽኖቻችን አንዳንዶቹ እስከዚህ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በእርሱ ይሠሩ እንደነበር ክፍሉን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ወደ ዊንዶውስ 11 እንዳንሻገር ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕና በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ የእኛዎቹ ዕድሜ ለዚህ አይፈቅድም። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው የሚንት ዓይነት ግን በ2 ጊጋባይት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ (ራም) እና በ20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይነሣል። ዊንዶውስን ደግሞ ያስቀረነው የትምህርቱ የተግባር ልምምድ፣ የመምህራን የውጤት መሙያ ሰንጠረዦችና የማተሚያ ማሽናችን ከእርሱ ጋር የተላመዱ ስለሆኑ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በኦንላይን መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ተማሪዎቻችን ባልለመዱት ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ እንዳይደናገጡ፣ ከአንድ በላይ ዓይነት ማየታቸው የሚጠቅም እንጂ የሚጎዳ አይመስለኝም።

መደበኛ ስብሰባዎቻችን በየሐሙሱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተካሂደዋል፤ ሥራ አስፈጻሚ ተመርጧል፤ ቃለ ጉባኤዎቹም በክበባት አስተባባሪው እጅ ይገኛሉ። የ12ኛ ክፍል አባላት በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ ፈተና ዝግጅት ስለዞሩ ሥራው በአብዛኛው በ10ኛ ክፍሎች ትከሻ ላይ ወድቋል።

ሥራው እንዴት እንደተሠራ ማስረዳት ያስፈለገኝ፣ ተማሪዎቹ ያገኙትን ቁልፍ ሁሉ እየተጫኑ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ነው። በክፍሉ ግድግዳ ላይ በማርከር የተጻፈ አንድ ደንብ አለን፤ «ፋይል ሳይገለበጥ ፓርቲሽን አይነካም» ይላል፤ ፓርቲሽን የምንለው ዲስኩ የተከፈለበትን ድርሻ ነው። መጀመሪያ በማሽኑ ላይ ያለው ሰነድ ሁሉ ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገለበጣል። ከዚያ ሚንት ምንም ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ብቻ ተነሥቶ ስክሪኑ፣ ኪቦርዱና ድምፁ መሥራታቸው ይፈተሻል፤ ያልተስማማው ማሽን ሳይነካ ይቀራል። የዊንዶውስን ድርሻ የምናጠበው በራሱ በዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ ነው። ዊንዶውስ «ፈጣን ማስነሻ» በሚለው ዘዴ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋና ሊኑክስም በዚያ ሁኔታ የተተወ ድርሻ ላይ መጻፍ ስለማይችል ይህንንም አስቀድመን እናጠፋዋለን። ሁለቱም አዲስ የሚጫኑ ከሆነ ዊንዶውስ ይቀድማል፤ ኋላ ቢመጣ የማስነሻውን ቦታ ለራሱ ወስዶ ሚንትን ከዝርዝሩ ያስወጣዋልና። በአሮጌው ኤምቢአር አሠራር የተከፋፈለ ዲስክ ከአራት በላይ ዋና ድርሻ እንደማይቀበል ተማሪዎቹ የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ አምራቹ አራቱንም ሞልቶ ከሸጠው አንድ ማሽን ጋር ሁለት ሐሙስ ታግለው ነው።

«ኮምፒውተር ታበላሻላችሁ» ላሉን ባልደረቦቼ አንድ ነገር ባስታውሳቸው ቅር እንደማይላቸው ተስፋ አደርጋለሁ። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ሰሞን አቃፊዎችን ሁሉ ወደ አቋራጭነት (ሾርትካት) የሚለውጠው የፍላሽ ቫይረስ ክፍል በክፍል ሲዞር፣ የፈተና ጥያቄያቸው የጠፋባቸው መምህራን ወደ እኛ መጥተው ነበር። ያ ቫይረስ ፋይሉን አያጠፋውም፤ ይደብቀዋል። ሚንት ደግሞ ዊንዶውስ «ድብቅ ነው» ብሎ ምልክት ያደረገበትን ፋይል እንደማንኛውም ፋይል ስለሚያሳይ ሰነዶቻቸውን ቀድተው በደስታ ሄደዋል። ምስጋናውን ተቀብለናል፤ በሐሜቱ ጊዜም ቢታወስ ጥሩ ነበር።

ከዓመቱ ሥራ ሁሉ ልቤን የነካው ግን በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለውና በየዓመቱ ተማሪዎቹን ወደሚልክልን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያደረግነው ጉዞ ነው። ርእሰ መምህሯ በእርዳታ ያገኟቸው ጥቂት ኮምፒውተሮች በቫይረስና በዝግታ ምክንያት ጨርቅ ተሸፍነው ተቀምጠው ነበር። ልጆቻችን ጨርቁን ገልጠው፣ አቧራውን ጠርገው፣ ዊንዶውሱን አጽድተው ሚንትን ከጎኑ ጫኑ። ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል ውስጥ ሥራው አለቀ ስንል ሰዓቱ አልስማማ አለ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ዊንዶውስ 10:00 ሲል፣ ያው ኮምፒውተር ወደ ሚንት ሲገባ 13:00 ይላል።

አንደኛው ተማሪ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል አለ፤ ባትሪው ቢያልቅ ቀኑም ዓመታት ወደ ኋላ ይሄድ ነበር፣ ቀኑ ግን ትክክል ነው ብለው ጓደኞቹ ጣሉበት። ሌላው የእኛና የፈረንጅ የሰዓት አቆጣጠር ተቀላቅሎ ነው አለ። ያን ጊዜ ከኋላ ቆማ ዲስኮቹን የምትመዘግብ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «እሱማ ስድስት ሰዓት ነው፤ ይሄ ሦስት ነው» አለች። ጥቂት ቆየችና ወደ እኔ ዞራ «ቲቸር፣ ሦስት ሰዓት እኮ አርባ አምስት ዲግሪ ነው» አለችኝ።

ወዴት እየሄደች እንደሆነ የገባኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ዝም አልኩ። ጠመኔ አንሥታ በሰሌዳው ላይ ክብ ሣለች፤ ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ እንደምትዞር፣ 45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ በአገራችን ምሥራቅ በሶማሌ ክልል እንደሚያልፍ፣ ሰዓታችንም ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት የሚቀድመው ለዚህ እንደሆነ እየጻፈች «ስለዚህ አንዱ የሚቆጥረው ከግሪንዊች ነው» ብላ ጨረሰች። ነገሩም በትክክል ይኸው ነው። ዊንዶውስ በማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት የአካባቢው ሰዓት አድርጎ ይወስዳል፤ ሊኑክስ ደግሞ የግሪንዊች ሰዓት ነው ብሎ ራሱ ሦስት ይጨምርበታል። መፍትሔው ሊኑክስም እንደ ዊንዶውስ እንዲያነብ የሚያዝ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ያንን መስመር ሰጠኋት፤ እርሷም ጻፈችው፤ ሁለቱም እኩል 10:00 አለፍ ብለው ቆሙ። ለብዙ ዓመታት ይህን ችግር ለተማሪ ሳስረዳ ትእዛዙን እየሰጠሁ አልፍ ነበር እንጂ በጂኦግራፊ ደብተር ሲፈታ አይቼ አላውቅም። ለጂኦግራፊ መምህሯ በዕለቱ ማምሻውን ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ ደስታቸው ከእኔ አያንስም ነበር።

ያልተሳካልንም አለ። አንድ ማሽን ላይ ድርሻ እየጠበበ ሳለ መብራት ጠፍቶ ዲስኩ የማይነበብ ሆኗል፤ በደንባችን መሠረት ሰነዶቹ ቀድመው ስለተገለበጡ የጠፋ ፋይል ባይኖርም ኮምፒውተሩ ከነአካቴው ፎርማት መደረግ ነበረበት። ጥቂት ባለ 32 ቢት ማሽኖችም የዛሬው ሚንት ስለማይዘጋጅላቸው በመጋዘን ቀርተዋል። ከኅዳር ጀምሮ ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ መሣሪያ) ግዢ ያቀረብነው ደብዳቤ መልስ አላገኘም፤ በዚያው ወር የተገዛው የአዳራሽ መጋረጃ ግን ማማሩን አልክድም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ዩፒኤስ የሌለው ክበብ ፓርቲሽን ሲነካ ተማሪዎቹም እኔም ትንፋሻችንን ይዘን ነው።

ለ2019 ዓ.ም የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ አንድ ሁለት ዩፒኤስ፣ ለአሮጌዎቹ ማሽኖች ራምና ኤስኤስዲ የተባለው ፈጣን ዲስክ። ከወላጆች መካከል በቤቱ የተቀመጠ የማይሠራ ኮምፒውተር ያለው ቢያመጣልን ከሁለት አንድ እናወጣለን። በውጭ አገር ለምትኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ደግሞ፣ ዊንዶውስ 11 አልቀበልም ብሎ ከሥራ ውጪ ያደረገባችሁ ላፕቶፕ ለእኛ ገና ብዙ የሚያገለግል መሆኑን ላሳውቃችሁ እወዳለሁ። ሰነዶቻችሁን አስቀድማችሁ አጥፉ፤ ቻርጀሩንም አትርሱ። የላፕቶፕ ቻርጀር በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ችግር የለውም፤ ከአሜሪካ ዴስክቶፕ የሚልክ ካለ ግን ኃይል የሚያቀብለው ክፍሉ (ፓወር ሰፕላዩ) በ220 ቮልት የሚሠራ መሆኑን ከጀርባው ላይ አንብቦ ይላክልን።