የቦረና ግጦሽ የቃጠሎ ፈቃድ ከጋና ዝናብ በፊት ይድረስ

ለመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በቦረና ግጦሽ መሬት በቁጥጥር ስለሚደረግ ቃጠሎ

ቦረና ሣሩን በየተራው እያቃጠለ ቁጥቋጦና መዥገር ሲከላከል ኖሯል። በደርግ ጊዜ እሳት ከተከለከለ ወዲህ ፉለንሳና ሰፓንሳ ጉራቻ የተባሉት እሾሃማ የግራር ዓይነቶች ሜዳውን ወረውታል። በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደን ሲነድ ያየ ኃላፊ ፈቃድ ላይ መፈረም ቢከብደው አንፈርድበትም። ክልከላው በደፈናው ይነሣ አላልንም። ከዴዳው (ሰፊው የጋራ ግጦሽ ክልል) ሽማግሌዎችና ከወረዳው ጋር ተመክሮበት፣ ቦታውና ቅድመ ሁኔታው ተጽፎ፣ ፈቃዱ እስከ ጥር መጨረሻ ይሰጥ ነው የምንለው። ምቹው ጊዜ ከጋና ዝናብ (ከመጋቢት ጀምሮ ከሚዘንበው ዋናው ዝናብ) በፊት ያሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ብቻ ናቸው፤ መጋቢት አጋማሽ ላይ የደረሰ ደብዳቤ እርጥብ ሣር ነው የሚያገኘው።

በሴፍቲኔት ጉልበት የሚቆረጠው ቁጥቋጦ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። እሳት ደግሞ የሚሄደው በሣር ነው። ቁጥቋጦ ለመምታት በሄክታር 4 ቶን ያህል ደረቅ ሣር ያስፈልጋል። ልኬቱ ቀላል ነው፦ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የእንጨት ክፈፍ ሣሩ ላይ ይጣላል፤ ውስጡ ያለው ከሥሩ ታጭዶ፣ ደርቆ ይመዘናል። የ20 ቦታ አማካይ 400 ግራም ከመጣ ይበቃል። 200 ከሆነ እሳቱ እየተቆራረጠ ሣሩን ይበላና ቁጥቋጦውን ይተዋል። ስለዚህ ቦታው ቢያንስ አንድ ጋናና አንድ ሀገያ (ከመስከረም በኋላ የሚመጣው አጭር ዝናብ) ከከብት ይከለል። የሄክታር ኮታ ግን አደራ አትስጡን፤ ኮታ ከመጣ ሣር ያልሞላውም ይለኮሳል። ከ2 ሜትር በላይ የሆነ ዛፍ በእሳት ብቻ ስለማይሞት ቀድሞ ይቆረጥ፣ ቅርንጫፉም ደርቆ ጉቶው ላይ ይከመር።

ዙሪያው 3 ሜትር ስፋት እስከ አፈሩ ይጠረጋል። ይህ ብቻውን ነፋስ የሚገፋውን እሳት አያቆምም። ጠዋት አየሩ ሳይደርቅ፣ ነፋሱ በሚሄድበት ጠርዝ በኩል ይለኮስና እሳቱ ነፋሱን እየተጋፋ ወደ ውስጥ 30 ሜትር ይብላ፤ ከዚያ ሁለቱ ጎኖች ይከተላሉ። ዋናው እሳት ከነፋሱ መምጫ የሚለቀቀው ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ነው፦ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ፣ የአየሩ እርጥበት ከ30 በመቶ በታች፣ ነፋሱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ሆኖ አቅጣጫው ሲጸና። ነፋስ የሌለበት ቀንም አይታመንም፤ ድንገት ሲነሣ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ማቀጣጠያው 3 እጅ ናፍጣ ከ1 እጅ ቤንዚን ጋር ነው፤ ቤንዚን ብቻውን በለኳሹ ላይ ቦግ ይላል። ልብሱ ጥጥ ይሁን፤ ናይለን ቆዳ ላይ ይቀልጣል።

የሚያዘናጋው እበት ነው። ላዩ አመድ መስሎ ውስጡ ለቀናት ይጨሳል፣ ነፋስ ሲነሣ ፍሙ ይበተናል። ከጠርዙ 30 ሜትር ድረስ ያለ እበትና ግንድ ሁሉ በአካፋ ይገልበጥ፣ በጀርባ መርጫ ውሃ ይረጭበት፣ የእጅ ጀርባ ተጠግቶ ሙቀቱ ይፈተሽ። ሁለት ሌሊት ዘብ ይደር።

ጋና ቢቀርስ? ከአንድ ሬራ (የተጎራባች መንደሮች ስብስብ) ግጦሽ በዓመት ከሩብ በላይ አይቃጠል። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ ከመደበኛ በታች ከሆነ የዓመቱ ፈቃድ ይታጠፍ። ከብት ሣሩ ዘር እስኪጥል አይግባ፤ ከጉቶው ለሚያቆጠቁጠው ፍየልና ግመል በኋላ ይለቀቁበት።

የሣር ልኬቱን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እናስገባለን። ፊርማው ከጥር 30 እንዳያልፍ።

የግጦሽ መሬት ባለሙያዎች
ያቤሎ